ያገለገለ አይፎን 8 ለሌሊት ወፍ አነሣስ፦ ምን ያሳያል፣ የት ላይ ይደክማል

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እየሾለከች የምትወጣውን የሌሊት ወፍ ጎጃም ውስጥ ያላየ የለም። እንዴት እንደምትነሣ ያየ ግን ጥቂት ነው። እግሯ ከጠርዙ ለቅቆ ክንፏ አየር እስኪይዝ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። ይህን ቅጽበት ዘርዝሮ ለማየት የላብራቶሪ ካሜራ አያስፈልግም፤ በሰከንድ 240 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) የሚቀርጽ ያገለገለ አይፎን 8 ይበቃል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ሰማዩ ገና ብርሃን ሳለ መቅረጽ። ከዚያ በኋላ ይኸው ስልክ ጥቁር መጋረጃ ከማሳየት አያልፍም። ለድንግዝግዝታ 8 ከ10፣ ለጨለማ 2 ከ10 እንሰጠዋለን፤ ለጨለማው ያሉትን ሁለት ነጥቦች የሰጠነው ለይሉኝታ ያህል ነው።

ስልኩ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው። በስሎው ሞሽን 1080 ጥራት በሰከንድ 240 ፍሬም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አይፎን 6ም 240 ፍሬም አለው፤ ጥራቱ ግን 720 ነው። እስክስታ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ልዩነት ኢምንት ነው፤ ለሌሊት ወፍ ግን ወሳኝ ነው። ከ5 ሜትር ርቀት ላይ ፍሬሙ በግምት 5 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይይዛል። ክንፏ ከጫፍ ጫፍ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ነፍሳት በል የሌሊት ወፍ በ1080 ወደ 95 ፒክስል ትሰፋለች፤ በ720 ደግሞ ወደ 64 ትወርዳለች። በ64 ፒክስል ክንፉ እንደታጠፈና እንደተዘረጋ ይታያል እንጂ የትኛው መገጣጠሚያ እንደታጠፈ መለየት አይቻልም። ክንፏ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ከሆነች ግን ከ200 ፒክስል በላይ ትይዛለች፤ ያኔ ጣቶቿ ሳይቀሩ ይቆጠራሉ።

240 ለምን አስፈለገ? ትንንሾቹ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ገደማ ክንፋቸውን ይመታሉ፤ ትልልቆቹ ፍሬ በሎች ከ10 በታች። በሰከንድ 12 ጊዜ የምትመታ አንዲት ብንወስድ፣ ተራው የ30 ፍሬም ቪዲዮ ለአንድ ምት ሁለት ተኩል ፍሬም ብቻ ይሰጣል፤ ክንፉ አንዴ ላይ አንዴ ታች ሆኖ ይታያል፣ መካከሉ የለም። በ240 ግን አንድ ምት 20 ፍሬም ይሆናል። ሲወርድ ዐሥር፣ ሲወጣ ዐሥር ያህል ሥዕል ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ «960 ፍሬም» የሚል ስልክ ሲቀርብላችሁ ልባችሁ አይሸፍት። ብዙዎቹ በእውነት የሚቀርጹት ያነሰ ፍሬም ሆኖ መካከሉን ሶፍትዌሩ ገምቶ ይሞላዋል። ሶፍትዌር የገመተው ክንፍ ደግሞ ክንፍ አይደለም፤ ጫፉ ይሟሟል፣ ቆዳው በሌለበት ይታያል። መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ ሎሚ ከ1 ሜትር ከፍታ ላይ ጣሉና ቅረጹ። መሬት ለመድረስ 0.45 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በእውነተኛ 240 ፍሬም ይህ 108 ሥዕል ነው። የካሜራውን ዋናውን ፋይል በኬብል ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ክፈቱ፣ የእንግሊዝኛዋን «ኢ» ቁልፍ እየተጫናችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ሎሚው በሁለት ተከታታይ ፍሬሞች አንድ ቦታ ላይ ከቆመ፣ ወይም ጠርዙ እንደ ጭስ ከተበተነ፣ ቁጥሩ የማስታወቂያ ቁጥር ነው። በስልኩ ላይ በጣት እየጎተቱ መቁጠር አያስተማምንም፤ ፍሬም ይዘላል። በቴሌግራም የተላከ ቪዲዮም ለቆጠራ አይሆንም፤ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብርሃን ፍለጋ ወደ መብራት መሄዱ ነው። መብራቱን ተዉትና ሰማዩን ተጠቀሙ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ረጅም ጊዜ ብርሃን የሚይዘው የምዕራቡ ሰማይ ስለሆነ፣ ከቤቱ በስተምሥራቅ ቁሙ፤ የሌሊት ወፏ በእናንተና በምዕራቡ ሰማይ መካከል ታልፋለች፣ ጥላዋም ጥርት ብሎ ይቀረጻል። ስልኩን በትራይፖድ ላይ አድርጉ፤ ከሌለ በጤፍ ወይም በአሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ላይ ማስደገፍም ይሠራል። ወድቃ የምትነሣውን ለመቅረጽ ስልኩን አቁሙት፤ ተዘርግቶ የሚሄደውን በረራ ለመቅረጽ አጋድሙት። ፎከሱ በመውጫው ቀዳዳ ላይ እንዲቆም ስክሪኑን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ ቢጫው የ«ኤኢ ኤኤፍ ሎክ» ጽሑፍ ሲወጣ ልቀቁ። ይህን ካላደረጋችሁ ካሜራው ባዶ ሰማይ ላይ ፎከስ ሲፈልግ ዋናው ነገር አልፎ ይሄዳል። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሰው ሜትር ዘርግቶ መውጫው ሥር ይቁምና አንድ ጊዜ ቅረጹት፤ ኋላ ርቀትና ፍጥነት የምታሰሉት በዚህ መለኪያ ነው።

መውጫውን በቀን ማወቅ ይቻላል። ቆርቆሮው ከግድግዳው በሚገናኝበት ክፍተት ላይ የሰውነታቸው ቅባት የተወው ጠቆር ያለ እድፍ ይታያል፤ ከሥሩም ኩስ ይገኛል። ኩሱ የአይጥ ይመስላል፤ በእንጨት ሲነኩት ግን ይፈረፈርና የነፍሳት ክንፍና ቅርፊት ብልጭ ብልጭ ይላል። የአይጥ እንዲህ አይፈረፈርም። በእጅ አትንኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከጣሪያ ጠርዝ የምትነሣ የሌሊት ወፍ መጀመሪያ የምታደርገው መብረር ሳይሆን መውደቅ ነው። እግሯ ጣሪያውን የያዘው በጡንቻ ጉልበት አይደለም፤ የጣቶቿ ጅማት በሽፋኑ ውስጥ እንደ ጥርስ ተነካክሶ ይቆለፋል፣ የገዛ ክብደቷም ይበልጥ ያጠብቀዋል። ስለዚህ ተኝታም፣ አንዳንዴ ሞታም ተንጠልጥላ ትቀራለች። ለመነሣት ጥፍሯን ከያዘው ነገር ማላቀቅ ብቻ ይበቃታል። በቪዲዮው ላይ ይህ በጣም ደብዛዛ ክፍል ነው፤ እግሩ ትንሽ ነው፣ ጠርዙም ጥላ ይጥልበታል። ፍሬም መቁጠር የምትጀምሩት ሰውነቷ ከጠርዙ በታች ሙሉ ለሙሉ ሲታይ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ያለው የሎሚው ሒሳብ ነው። በ24ኛው ፍሬም 5 ሴንቲ ሜትር ወርዳለች፤ ፍጥነቷ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ። በ48ኛው 20 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነት 2 ሜትር። በ72ኛው 44 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነት 3 ሜትር። በ96ኛው 78 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነት 4 ሜትር። የሌሊት ወፏ ከዚህ መስመር መለየት የምትጀምርበት ፍሬም ክንፏ ሥራ የጀመረበት ነው፤ ከሎሚው ባነሰ ፍጥነት መውረድ ስትጀምር አየሩ ይዟታል ማለት ነው። የምትወድቀው ፍጥነት ፍለጋ ነው። ክንፍ የሚሰጠው የመሸከም ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ በ4 ሜትር ፍጥነት የሚገኘው በ2 ሜትር ከሚገኘው አራት እጥፍ ነው። ወደ ላይ ለመዝለል የሚሆን እግር ስለሌላት፣ እውነተኛ ወፍ በእግሩ የሚገዛውን ፍጥነት እሷ በከፍታ ትገዛዋለች።

ሁሉም እኩል አይወድቁም፤ ይህ ስልክ ዋጋውን የሚመልሰውም እዚህ ላይ ነው። ጅራታቸው ከቆዳው አልፎ እንደ አይጥ ጅራት ብቅ የሚለው ዓይነቶች ክንፋቸው ረጅምና ጠባብ ነው። ለፍጥነት የተሠራ ክንፍ በዝግታ ላይ ደካማ ስለሆነ፣ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ለመነሣት ጥልቅ ውድቀት ይፈልጋሉ። ከመውጫው ሥር የማገዶ ክምር፣ መሰላል ወይም የዝናብ ውኃ በርሜል ካለ መሬት ይደርሳሉ። ያኔ ከመሬት ለመነሣት ከመታገል ይልቅ ወደ ግድግዳው ድኸው፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየቧጠጡ ወጥተው እንደገና ራሳቸውን ሲጥሉ ይታያል። ቅርጻችሁ ላይ አንዷ ሁልጊዜ ከፍሬሙ ታች የምትጠፋ ከሆነ ካሜራውን ዝቅ አድርጉት፤ ስህተቱ የእናንተ ነው።

በተቃራኒው አፍንጫቸው ላይ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ቆዳ ያላቸው ዓይነቶች ክንፋቸው አጭርና ሰፊ ነው። ጠባብ ቦታ ውስጥ ይዞራሉ፣ በአንድ ቦታ ለአፍታ ቆመው መምታትም ይችላሉ። የእነሱ ውድቀት ከመጀመሩ ያበቃል።

ፍሬ በሎቹ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አላቸው። ሾላ ወይም ዋርካ ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ብዙውን ጊዜ ሳትለቅ ክንፏን መምታት ትጀምራለች። ሰውነቷ በምቱ ኃይል ከቁልቁል ወደ አግድም ይነሣል፤ ያኔ እግሯን ትለቃለች። በ240 ፍሬም ይህ በጣም ያምራል፤ ትልቅ ናት፣ ምቷ ዘገም ያለ ነው፣ ከኋላዋ ሰማይ ሲኖር የክንፏ ቆዳ ቡናማ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፣ አራቱ የጣት አጥንቶች እንደ ጃንጥላ ሽቦ ጠቁረው ይወጣሉ። አውራ ጣቷ ብቻ ከቆዳው ውጭ ነው። ዋርካው ፍሬው የበሰለበትን ሳምንት መርጣችሁ፣ ከዛፉ 6 ሜትር ያህል ርቃችሁ ጠብቁ። በዘጌ በኩል ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ መቅረጽ ግን አይሆንም፤ ሰማዩ በቅጠል ይሸፈናል፣ ብርሃኑም ከሜዳው ቀድሞ ይጠፋል። ብቻውን የቆመ ዛፍ ይሻላል።

«መሬት የወደቀች የሌሊት ወፍ አትነሣም» የሚባለው ለአንዳንዶቹ ይቀርባል፣ ለሁሉም ግን አይሠራም። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ደም መጣጯ ከመሬት በክንዷ ገፍታ ትዘላለች። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ልኬት እንዳሳየው፣ በ30 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የራሷን ክብደት ዘጠኝ ተኩል እጥፍ በሚደርስ ኃይል መሬቱን ገፍታ በሰከንድ 2.4 ሜትር ያህል ፍጥነት ትነሣለች። ግፊያው ከደረት ጡንቻ ነው፤ ያው ለመብረር የሚያገለግለው ጡንቻ ማለት ነው። 30 ሚሊ ሰከንድ በእኛ ስልክ 7 ፍሬም ብቻ ነው። እዚህ ላይ 240 ማነሱን አምነን መቀበል አለብን፤ የኃይል ልኬቱንም ካሜራ ሳይሆን መሬት ላይ የሚቀመጥ የኃይል መለኪያ ነው የሚሠራው።

ከተነሣች በኋላ ያለውን ምት ስታዩ ትኩረታችሁን አንጓዋ ላይ አድርጉ። ክንፉ ሲወርድ ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቶ ወደ ታችና ወደ ፊት ይቀዝፋል፤ ሲወጣ አንጓው ታጥፎ ወደ ሰውነቷ ይጠጋል። የሌሊት ወፍ ክንፍ አጥንት፣ ጡንቻና ቆዳ ያለበት ከባድ እጅ ስለሆነ ተዘርግቶ ቢነሣ ብዙ ጉልበት ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በስድስት ዓይነቶች ላይ የተሠራ ጥናት ይህ መታጠፍ ክንፉን ለማወዛወዝ የሚወጣውን ጉልበት በ35 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በስልኩ ፍሬም ላይ መታጠፉ ያለ ጥርጥር ይታያል፤ በ20 ፍሬም ምት ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑት ክንፉን ጠቦ ያሳያሉ። የማይታየው ቆዳው ውስጥ ያለው ነው። ከአጥንት ጋር ያልተያያዙ ቀጫጭን ጡንቻዎች በቆዳው ውስጥ ተሰድረው ክንፉ ሲወርድ ይወጠራሉ፣ ቆዳው በአየር ግፊት ከመጠን በላይ እንዳይነፋ ይይዙታል። በጣም ጥሩ ቅርጽ ላይ የክንፉ የኋላ ጠርዝ እንደ ነጠላ ጫፍ ሲርገበገብ ታያላችሁ፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

የምት ብዛት ለማውጣት ክንፉ መጨረሻ ዝቅ ካለበት ፍሬም እስከሚቀጥለው ዝቅታ ቁጠሩና 240ን ለዚያ አካፍሉ። 20 ከሆነ 12 ምት፣ 30 ከሆነ 8 ምት በሰከንድ። አንድ ምት ብቻ አትቁጠሩ፤ አምስት ምት ቆጥራችሁ አማካዩን ውሰዱ። አነሣሥ ላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ምቶች ከተራው በረራ የተለዩ ስለሆኑ ለብቻ መዝግቧቸው።

የባሕር ዳርንና የደብረ ማርቆስን ቅርጽ ከውጭ አገር ቁጥር ጋር የሚያነጻጽር ሰው አየሩን እንዳይረሳ። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ወለል በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል። ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በባሕር ዳር በ9 በመቶ፣ በደብረ ማርቆስ በ13 በመቶ ገደማ መፍጠን አለበት። ፍጥነቱ በመውደቅ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ጥልቀቱ ይጨምራል፦ በባሕር ወለል 1 ሜትር የሚበቃት፣ ባሕር ዳር ላይ 1 ሜትር ከ19፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 1 ሜትር ከ27 ሴንቲ ሜትር ያህል ትፈልጋለች። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ልዩነቱ ይጠባል። ስለዚህ ቅርጻችሁ ላይ ከፍታውን፣ የአየሩን ሙቀትና ሰዓቱን ጻፉ፤ ከሌለ ቁጥሩ ከምንም ጋር አይነጻጸርም።

አሁን ስለ ብርሃን፣ ማለትም ስልኩ ስለሚደክምበት። በ240 ፍሬም አንድ ሥዕል ሊበራ የሚችለው ቢበዛ ለ240ኛ ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሰከንድ 6 ሜትር የምትበር የሌሊት ወፍ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትሄዳለች፤ የክንፏ ጫፍ ደግሞ ከዚያ በላይ። ስለዚህ ጠርዙ መደብዘዙ የካሜራው ጥፋት አይደለም፣ የብርሃን እጥረት ነው። ፀሐይ እንደጠለቀች ያሉት የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ወርቅ ናቸው። ከ35 ደቂቃ በኋላ ሥዕሉ ላይ እንደ ጤፍ የተበተነ ነጠብጣብ ይበዛል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ዳመናው ይህን ጊዜ ይበልጥ ያሳጥረዋል። ጥሩው ወቅት የግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አሸን ሲፈላ የሌሊት ወፎች ቀደም ብለው ይወጣሉ፣ ቀኑም ረዝሟል።

የመንገድ መብራት ሥር የሚያድኑትን ለመቅረጽ መሞከር ከንቱ ድካም ነው ማለት ይቻላል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርትዝ በመሆኑ ብዙ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይጨምራል ይቀንሳል፤ በ240 ፍሬም ቪዲዮው እንደ ልብ ምት ብልጭ ድርግም ይላል። የድሮው ክር ያለው አምፖል ብልጭታው ትንሽ ነው፤ ርካሽ ኤልኢዲ ግን ቪዲዮውን ለማየት የማይመች ያደርገዋል። የእጅ ባትሪ ማብራትም አይመከርም፤ መውጫው ላይ ብርሃን ከወደቀ ሳይወጡ ይቀራሉ ወይም ዘግይተው ይወጣሉ፣ አድኖ የመብያ ጊዜያቸውን ትበላላችሁ። በባሕር ዳር በዓባይ ድልድይ አጠገብ ትራይፖድ መትከል ደግሞ ከጥበቃ ጋር ረጅም ወሬ ያስጀምራል፤ ሐይቁ ዳር ሌላ ቦታ ሞልቷል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባ ጉድለት፣ የስልክ ካሜራ አንድን ሥዕል በአንዴ ሳይሆን መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። ፈጣን ክንፍ ስለዚህ ትንሽ ተጣሞ ሊቀረጽ ይችላል። ቀኝና ግራ ክንፍ በእኩል የማይታጠፉ ከመሰላችሁ፣ «ተጎድታለች» ከማለታችሁ በፊት ስልኩን ገልብጣችሁ ሌላ ቅረጹ። ጥመቱ አቅጣጫ ከቀየረ ጥመቱ የካሜራው ነው።

አስተራረፏን መቅረጽ ከአነሣሧ ይከብዳል፤ የት እንደምታርፍ አይታወቅምና። ቢሆንም ፍሬ ያለው ዛፍ ላይ ዕድል ይኖራል። ቅርንጫፍ ስትጠጋ በጭንቅላቷ ላይ ትገለበጣለች። በዚያ ሰዓት ፍጥነቷ ዝቅተኛ ስለሆነ አየሩ ብዙ አይረዳትም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ሥራ እንዳሳየው የምትገለበጠው የክንፎቿን ክብደት ተጠቅማ ነው፣ አንዱን ሰብስባ ሌላውን ዘርግታ። ዝንብ ብትሆን ክንፏ ቀላል ስለሆነ ይህ አይሆንላትም ነበር። በእኛ ስልክ ሙሉ ግልበጣው የሚታየው ከጎን ከቀረጻችሁ ብቻ ነው።

የድምፅ መስሚያ መሣሪያ ልጨምር ወይ ለሚል፦ የስልኩ ማይክሮፎን ብቻውን አያገለግልም። ተራ የስልክ ቀረጻ ከ24 ኪሎ ሄርትዝ በላይ አይይዝም፤ የብዙዎቹ ነፍሳት በሎች ጥሪ (በማሚቶው መንገዳቸውን የሚያውቁበት ድምፅ) ከዚያ በላይ ነው። ቁልፉን ወደ 40 ኪሎ ሄርትዝ አዙራችሁ የምትሰሙበት ቀላል መስሚያ ካለ ከስልኩ አጠገብ አስቀምጡት፤ የሚያወጣው «ጠቅ ጠቅ» ከቪዲዮው ጋር አብሮ ይቀረጻል። ነፍሳት በሎቹ ሲበሩ ጥሪውን ከትንፋሽና ከክንፍ ምት ጋር ስለሚያገናኙት፣ በተራ በረራ አንድ ምት ላይ አንድ ጥሪ ያህል ትሰማላችሁ። ስታመሳስሉ ድምፁ የሚዘገይ መሆኑን አስቡ፤ ከ10 ሜትር ርቀት ለመድረስ 29 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ማለትም 7 ፍሬም። የግብፅ ፍሬ በሏ ደግሞ በጉሮሮዋ ሳይሆን በምላሷ ነው የምታንቋቋው።

ዋሻ ውስጥ ገብቶ መቅረጽን በፍጹም አንመክርም። የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ የማርበርግ ቫይረስ የተፈጥሮ ተሸካሚ መሆኗ የተረጋገጠ ነው፤ ኩሱ ላይ የሚያድግ ፈንገስም ሳንባ ያሳምማል። ወድቃ ያገኛችኋትን በባዶ እጅ አታንሡ፤ ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያሉትን መቅረጽ የፈለገ የደብሩን ገበዝ ያስፈቅድ፤ የሠርክ ጸሎት ሰዓትና የመውጫ ሰዓታቸው ስለሚገጥም ከቅጥሩ ውጭ መቆም ይመረጣል።

ስልኩን ስትገዙ ሦስት ነገር ከሱቁ ሳትወጡ እዩ። ሴቲንግ ውስጥ የባትሪ ጤናው ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ባትሪ ማስቀየሪያውን ከዋጋው አስቀንሱ፤ ሲወጣ ጀምሮ ባትሪው 1,821 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብቻ ነው፣ ያረጀው ደግሞ ምሽቱ ሳያልቅ ይሞታል። የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን ስልኩን ከባዶ አስጀምረው አረጋግጡ፤ ካልወጣ ውድ መስታወት ነው የገዛችሁት። ቀጥሎ ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ሪከርድ ስሎው ሞ» የሚለውን 1080 በ240 ላይ አድርጉና ሻጩ ፊት ሎሚዋን ጣሉ። አንድ ደቂቃ ቅርጽ ወደ 480 ሜጋባይት ስለሚይዝ 64 ጊጋባይቱ ይበቃል፤ ነገር ግን ከየምሽቱ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ሌንሱ ላይ ያለውን ጭረት በጥፍር ዳሱ፤ ቀን ላይ የማይታይ ጭረት ከምዕራቡ ሰማይ ፊት ስትቆሙ ፍሬሙን ሁሉ በጉም ይሸፍነዋል።